ለፋብሪካ የተላክን ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ሆኖ መላክ ክብር ነው ይባላል። አልክድም። ግን ሌላው ሰው ሽማግሌ ሆኖ የሚላከው የሰው ልጅ ለመለመን ነው፤ እኔ የተላኩት ፋብሪካ ልለምን ነው። ያውም በየካቲት ብርድ፣ እስከ ዓይኔ ድረስ ማስክ አድርጌ፣ የሰው በር ላይ እንደ ጅብራ ተገትሬ። ከኋላዬ ሁለት ፈረንጆች ቆመዋል። አንደኛው ጓንቱን መኪና ውስጥ ረስቷል፤ ሁለተኛው ለምን እንደመጣ ገና በደንብ አልገባውም።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበላችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። የምሠራው እዚህ ኮሎምበስ፣ የፋብሪካና የመጋዘን ማሽኖችን የሚያዝዙ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች በሚያመርት ድርጅት ነው። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ተሸክሞ የሚጓዘው ረጅም ቀበቶ "ሂድ" ሲሉት የሚሄደው፣ "ቁም" ሲሉት የሚቆመው ሆዱ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ስላለች ነው። እሷን ነው የምንሠራው። እናቴ አንድ ቀን በስልክ "ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?" ብላ ስታፋጥጠኝ "የመብራት ነገር ነው እማዬ" ብዬ ልገላገል ሞከርኩ። "ታዲያ እዚህ መብራት ሲጠፋብን ዝም ብለህ የምታየን ለምንድን ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ለማንም አስረድቼ አላውቅም፤ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

ደግሞ የኛ ድርጅት እንደሌላው አይደለም፤ ድርጅት የሚሰበስብ ድርጅት ነው። ዋናው ቢሮ ደብሊን ነው፤ የአየርላንዱ ሳይሆን የኛው፣ ከኮሎምበስ ዳር ያለው፣ ሣሩ ሁሉ በአንድ ጀንበር የታጨደ የሚመስለው። ትንንሽ አምራቾችን እያፈላለገ ይገዛል። የተገዛው ሁሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ "ዲቪዥን" ይሆናል። በየሩብ ዓመቱ የዲቪዥኖች ውጤት ስክሪን ላይ በቀለም ይወጣል። አረንጓዴ ከሆንክ "ግሬት ጆብ" ትባላለህ። ቢጫ ከሆንክ "እንዴት እንርዳህ?" ትባላለህ። ቀይ ከሆንክ ማንም ምንም አይልህም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

እኔ የምመራው ዲቪዥን ኦቤትስ ነው ያለው፣ ከከተማው በስተደቡብ፣ መጋዘንና የጭነት መኪና ብቻ በሚታይበት ሰፈር። በዚያ የኮቪድ ዓመት ዓለም በሙሉ ቺፕ አጣ። መኪና አምራቹም፣ ስልክ አምራቹም፣ እኛም የጣት ጥፍር የምታክል ነገር ፍለጋ ወረፋ ያዝን፤ እኛ የወረፋው ጅራት ላይ ነበርን። ሰሌዳዎቻችን ሁሉ ነገራቸው ተሟልቶ፣ አንዲት ቺፕ ብቻ ጎድላቸው፣ መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። እኔም አያቸዋለሁ። ከዚህ ሌላ ሥራ አልነበረንም።

አለቃዬ ብራያን ይባላል፤ የመግዛቱንም የመዝጋቱንም ሥራ የሚመራው እሱ ነው። በቪዲዮ ጠራኝና "ሰመር ሳይገባ ከቀይ ካልወጣችሁ ኦቤትስን ለመዝጋት እንገደዳለን" አለኝ። ይህን ሲናገር ውሻው ከኋላው ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። በዚያች ደቂቃ እንደዚያ ውሻ የቀናሁበት ፍጡር የለም። አብረውኝ ከሚሠሩት አብዛኞቹ የቸርቻችን ሰዎች ናቸው። ጥሩነቱ፣ ማሽን ሳይነሣ በፊት ይጸልያሉ። ክፋቱ፣ ዲቪዥኑ ቢዘጋ ሥራ ያጡት ሰዎች እሁድ እሁድ መዘምራን ሆነው ፊት ለፊቴ ይቆማሉ፤ እኔ የት እንደምገባ አላውቅም።

እንግዲህ ጋሼ ወርቅነህ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ወርቅነህ ከእኛ ፋብሪካ ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ጣሪያው በአንድ በኩል የሚያፈስ ወርክሾፕ አላቸው። የተቃጠለ የማሽን ሰሌዳ ይጠግናሉ። ከዕድሜያቸው እኩሌታውን እዚያ ነው ያሳለፉት፤ ከብዙ ነገር ጋር ተለያይተው ያውቁ ይሆናል፣ ከቺፕ ጋር ግን ተለያይተው አያውቁም። የሞተ ሰሌዳ ሲመጣ ደህናዋን ቺፕ በጥንቃቄ ነቅለው፣ አጽድተው፣ ፈትሸው፣ በብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ። ሰው ቆርቆሮውን ሲያይ ብስኩት መስሎት ይከፍትና ያዝናል። ዓለም በሙሉ ቺፕ ሲያጣ እሳቸው ቆርቆሮዎቻቸውን ደርድረው ከነሠራተኞቻቸው ሥራ በዝቶባቸው ነበር። የኛ ደብሊን ይህን ሰማ። ሰምቶም ሊገዛቸው ተነሣ።

ብራያን ደጋግሞ ኢሜይል ጻፈላቸው። መልስ የለም። አንድ ቀን "ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" አለኝ። ኮሎምበስ ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚተዋወቅ ይመስለዋል። "እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም" ብዬ ልቆጣው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ጋሼ ወርቅነህ ሠርጌ ላይ እንደጸለዩልኝ ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁ። "አውቃቸዋለሁ" አልኩት።

ወዲያው ደወልኩላቸው።

"ኢሜይሉ ደርሶኛል" አሉኝ ጋሼ። "ዲሌት አደረግኩት።"

"ምነው ጋሼ?"

"'ሃይ' ብሎ ነዋ የሚጀምረው! ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ቤት 'ሃይ' ብሎ ይጠይቀኛል? አንተ ሰናይትን በኢሜይል ነው እንዴ ያገባሃት?"

ሰናይት ሚስቴ ናት። በኢሜይል አይደለም ያገባኋት፤ አባቷ ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል። ታዲያ ነገሩን ለማለዘብ ብዬ፣ ቀልዴን፣ ሙሉ በሙሉ ቀልዴን፣ "እና ጋሼ፣ ሽማግሌ እንላክ?" አልኩ። ይህቺ ምላሴ ስንት ጊዜ ጉድ እንደሠራችኝ ሰናይት ትንገራችሁ።

ጋሼ ግን የምር አድርገው ይዘውት "እንደሱ ይባላል እንጂ!" አሉ። "ቅዳሜ ኑ። ሦስት ሆናችሁ።"

ብራያን ይቆጣል ብዬ ስፈራ ደስታውን አልቻለውም። ስለ ሽምግልና ያስረዳሁትን ሁሉ ስላይድ አድርጎ ለደብሊን አቀረበው። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ቢያንስ አንዱ ሽበት ሊኖረው ይገባል። እኔ የለኝም፤ ያለኝን ሰናይት በቀለም ታጠፋልኛለች። ብራያን ሽበት ቀርቶ ፂም የለውም። ደብሊን ያለውን ቢሮ በሙሉ በሐሳባችን ዞርነው። በመጨረሻ ዋልተርን አገኘን። ዋልተር የሥራ ደህንነት ኃላፊ ነው፤ ሥራው ሰው እንዳይወድቅ፣ እንዳይቃጠል፣ መሰላል ላይ እንዳይንጠላጠል መጠበቅ ነው። ጡረታ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ፀጉሩ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። "ለፀጉሩ ብለን እንደመረጥነው በኢሜይል እንዳትጽፍ" አለኝ ብራያን፤ "የሰው ኃይል ክፍሉ ይገድለናል።"

ቅዳሜ በመኪና ስንሄድ አሠለጠንኳቸው።

"ግቡ ቢሏችሁ፣ ወንበር ቢያቀርቡላችሁ፣ ቢለምኗችሁም እንዳትቀመጡ። ጉዳያችን እስኪሰማ ቆመን ነው የምንቆየው።"

"እሺ" አለ ብራያን። "ከዚያ ጉዳያችንን ሰምተው እሺ ይላሉ።"

"አይ፣ ከዚያ እምቢ ይላሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደስ ብሎን እንመለሳለን።"

ብራያን መንገዱን ትቶ እኔን አየኝ። ዋልተር ከኋላ ወንበር "ወደፊት እያየህ ንዳ" አለው። በዚያች ጉዞ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ደረስን። ኮቪድ ስለነበር የተቀበሉን ከቤታቸው ጋራዥ በር ላይ ነው። ጋሼ ወርቅነህ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ በወፍራም ካፖርት ላይ ነጠላ ደርበው ቆመዋል። ሦስት ወንበር ተራርቆ ተቀምጧል። እኔ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ለቁም ነገር ነው የመጣነው" ብዬ ጀመርኩ። ዞር ስል ዋልተር የለም። ደጁ ላይ ያለውን በረዶ አይቶ አላስቻለውም፤ ከጋራዡ ጥግ የጨው ባልዲ አንሥቶ መንገዱ ላይ እየበተነ ነው። "ይሄ ሰውዬ የማን ነው?" አሉ እትዬ ጥሩነሽ ቀስ ብለው። "ቤተሰብ ያለው ሰው ይመስላል።" እኔ በቃላት ብዛት ያላገኘሁትን እሱ በአንድ ባልዲ ጨው አገኘው።

ጋሼ ዘር ማንዘር ወደ መጠየቁ ገቡ።

"ይሄ ሙሽራ የምትሉት ኮምፓኒ ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል?"

ለብራያን ተረጎምኩለት፤ ከዚህ በፊት ሌላ ድርጅት ገዝታችኋል ወይ ይላሉ። ብራያን ደረቱን ነፍቶ "ስድስት!" አለ። ይህ መተርጎም አላስፈለገውም።

"በኢየሱስ ስም!" አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

"ስድስቱም አሉ?" አሉ ጋሼ።

"አምስቱ አሉ። አንዷ ከሌላው ጋር ተጠቃልላለች" አልኩ፤ የብራያንን አባባል የማለዝብ መስሎኝ።

"ተጠቅልላ የት ተቀበረች?"

ያቺ የተዘጋችው ዲቪዥን ቀይ ነበረች። እኔም ቀይ ነኝ። ስለዚህ እየጠየቁኝ ያሉት ስለ እኔ ጭምር መሆኑ ብርዱን አባሰብኝ። በመጨረሻ ጋሼ "ተማክረን እናሳውቃችኋለን" አሉ። በሽምግልና ይህ የወጉ እምቢታ፣ 'ተመልሳችሁ ኑ' ማለት ነውና በደስታ ልፈነዳ ነበር። ጎንበስ ብዬ አመስግኜ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

"ምን አሉ?" አለ ብራያን፣ እጁን ማሞቂያው ላይ ለጥፎ።

"እምቢ አሉ! እንኳን ደስ አለህ!"

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ባልተናገርኩ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ብራያን "እምቢ ብለዋል" ብሎ ለደብሊን ሪፖርት አደረገ። ደብሊንም የጋሼን ፋይል ዘግቶ ሌላ ስቴት ወዳለ ሌላ ድርጅት ዞረ። እኔ ደግሞ "እምቢ ማለታቸው እሺ ማለት ነው" እያልኩ ቪዲዮ በቪዲዮ ስለምን ከረምኩ። አንዲት የደብሊን ሴትዮ "እሺ ማለት ሲፈልጉ ታዲያ ምን ይላሉ?" ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። "እሺ ማለት ሲፈልጉ ምግብ ያቀርባሉ" አልኳት። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ብዙም አልጠሩኝም። የታደገኝ ዋልተር ነው። "ሚስትየው እንደገና ኑ የሚል ዓይን ነበራት። እኔ ብሄድ ደስ ይለኛል" አለ፤ ብራያንም እሺ አለ።

ሁለተኛው ቀጠሮ በጸደይ ሆነ፤ ሁላችንም ክትባት ተከትበን። አሁን ሳሎን ገባን። ቆምን። ከወጥ ቤት የዶሮ ወጥ ሽታ መጣ፤ ብራያንን በክርኔ ነካ አደረግኩት፤ ነገሩ ገብቶት ፈገግ አለ።

ጋሼ ግን ፈገግ አላሉም። "አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ" አሉ። "ልጆቼን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?" ልጆቼ የሚሉት ሠራተኞቻቸውን ነው።

ብራያን ሠራተኛ የድርጅቱ ትልቁ ሀብት ስለመሆኑ፣ ስለ ቡድን መንፈስ፣ ስለ ጋራ ራእይ ተናገረ። ተረጎምኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄን ፖስተር ላይም አነባለሁ። አንተ እንደ ሽማግሌ ተናገር። ምን ትላለህ?"

ወገኖቼ፣ በሕይወቴ ንግግር አድርግ ብሎ የለመነኝ ሰው የለም። ሠርጌ ላይ እንኳ ማይኩን ስይዝ ሰናይት ቀስ ብላ ነው የነጠቀችኝ። እንዲህ ዓይነት ዕድል ሲመጣ አፌ ራሱ ቀደመኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በየሽምግልናው የሰማሁት ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ። "ከዛሬ ጀምሮ" አልኩ፣ "የእናንተ ሰው የእኛ ሰው ነው፤ የእኛም ሰው የእናንተ ሰው ነው! ከመሃል አንድ ሰው ቢጎድል እኛ ሽማግሌዎቹ ተጠያቂ ነን! በራችን ለእናንተ፣ በራችሁም ለእኛ አይዘጋም!" እትዬ ጥሩነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም በራሴ ንግግር ዕንባዬ መጣ።

"ረጅም ነበር" አለኝ ብራያን ቀስ ብሎ። "ምን አልካቸው?"

"ቤኔፊታችን፣ ኢንሹራንሱ ምኑ፣ ጥሩ ነው አልኩ።"

ጋሼ ወርቅነህ ባለቤታቸውን አዩ፤ ባለቤታቸው ዋልተርን አዩ። "እንግዲህ ቁጭ በሉ" አሉ ጋሼ። ዋልተር ቁጭ ሲል ጉልበቶቹ ሲንቋቁ ሁላችንም ሰማን።

ፊርማው ካለቀ በኋላ ጥሎሽ ደረሰ። ደብሊን ለአዲስ ዲቪዥን ሁሉ የሚልከው ካርቶን አለ፤ ሰደርያ፣ ኩባያና የውኃ ጠርሙስ፣ ሁሉም ላይ የድርጅቱ ስም። እትዬ ጥሩነሽ ካርቶኑን እስከ ታች ፈትሸው "ወርቁስ?" አሉኝ። ዋልተር ነገሩን ሲሰማ በራሱ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓይን መከላከያ መነጽር ይዞ መጣ። "እሱስ ያውቅበታል" አሉ። በዚያው ወር ጡረታ ወጣ፤ ግን ሐሙስ ሐሙስ ወደ ወርክሾፑ ብቅ እያለ መሰላሉን እየነቀነቀ ያይላቸው ነበር።

የጋሼ ዲቪዥን ገና በመጀመሪያው ሩብ ዓመት አረንጓዴ ሆነ። የብስኩት ቆርቆሮዎቹ ወደ እኛም ተሻገሩ፤ መደርደሪያ ላይ የሚያዩኝ ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ቺፓቸውን እያገኙ ሄዱ። ቀዩ ቢጫ ሆነ። ሰመር ገባ፣ አልተዘጋንም። በየቀኑ ጌታን አመሰግን ነበር፤ በየቀኑ ግን ጋሼን ማመስገን እረሳ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ቺፕ ገበያ ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ደብሊን ትንፋሹን ሰብስቦ ካርታውን ሲያይ ኦቤትስ ውስጥ ሁለት ዲቪዥን፣ ሁለት ሕንፃ፣ ሁለት ኪራይ አገኘ። አንድ ዓርብ ብራያን በቪዲዮ ደወለልኝ። ውሻው የለም፤ ይህ ክፉ ምልክት ነበር።

"አንዱን መዝጋት አለብን" አለ። "የወርቅነህ አረንጓዴ ነው። ያንተ ቢጫ ነው። ሰዎችህ ወደ ኢንዲያናው ዲቪዥን መሄድ ይችላሉ። አንተም እንደዚያው። በጣም አዝናለሁ።"

ማዘኑ እውነት ነበር፤ ድምፁ ያስታውቃል። ግን የትኛዋ እናት ናት ልጆቿን ከትምህርት ቤት አንሥታ ኢንዲያና የምትገባው? ስልኩን ዘግቼ የሥራውን ወለል አየሁት። ሁሉም አጎንብሰው ይሠራሉ። አንዷ ቀና ብላ "ምነው ጠቆርክ?" አለችኝ። "ምሳ አልበላሁም" አልኳት፤ ወዲያው ከምሳዋ አካፈለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወርቅነህ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ነበር። አጉልቶ በሚያሳየው መነጽራቸው ውስጥ አንዲት ሰሌዳ እየጎረጎሩ "ሰማሁ" አሉ። በቃ። "ሰማሁ" ብቻ። ቀና እንኳ አላሉም። ቤቴ ገብቼ ለሰናይት "ይሄ ነው እንግዲህ ዝምድና!" እያልኩ ስንቆራጠጥ አመሸሁ። "ሰውዬው ሰማሁ ካሉ ሰምተዋል ማለት ነው" አለችኝ። እኔ ግን ተቀይሜያቸው አደርኩ።

ሰኞ ጠዋት ብራያን ደወለልኝ። "ቶሎ ወደ ደብሊን ና። እንግዳ መቀበያው ላይ ችግር ተፈጥሯል።"

እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። በመስታወቱ በር ስገባ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጋሼ ወርቅነህ በሙሉ ልብሳቸው ቆመዋል። በቀኛቸው እትዬ ጥሩነሽ፣ ነጠላቸውን ለብሰው። በግራቸው፣ ከረባት አስሮ፣ ነጭ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ዋልተር! ከኋላቸው የቆዳ ሶፋ አለ፤ ማንም አልነካውም። እንግዳ ተቀባይዋ ሜሮን የምትባል እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት፤ ላብ ላብ ብሏታል።

"ፕሊዝ፣ ሃቭ ኤ ሲት" ትላለች፣ ሶፋውን እያሳየች።

"አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ማን ትባላለች?" ይሏታል እትዬ ጥሩነሽ፣ እንደቆሙ።

"አይ ኦፈርድ ዜም ውሃ፣ አይ ኦፈርድ ዜም ቼርስ" አለችኝ ሜሮን፤ ውሃም ወንበርም እምቢ አሉኝ ብላ ልታለቅስ ነው። ዘበኛ ተጠርቶም ነበር። ዘበኛውን ሥራ ያስለመደው ግን ዋልተር ስለሆነ፣ ሰላም ተባብለው ስለ ጉልበት ሕመም እያወሩ ነበር።

ብራያን ደረጃውን ሲወርድ አያቸው። እግሩ ደረጃው ላይ ቀረ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ ወንበር እምቢ ብሎ የቆመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ በበረዶ ላይ ነው የተማረው።

"ጉዳያቸው ምንድን ነው?" አለኝ።

ጋሼ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "ቤቴ ቆመው 'የእናንተ ሰው የእኛ ሰው ነው፤ የእኛም ሰው የእናንተ ሰው ነው' ያሉኝ ሽማግሌዎች ነበሩ። 'አንድ ሰው ቢጎድል ተጠያቂ ነን' ብለውኛል። አሁን ከኦቤትስ ሰዎቼ ሊጎድሉብኝ ነው ሲባል ሰማሁ። ሰዎቼን ልጠይቅ መጣሁ።"

ሰዎቼ የሚሉት የኔን ሠራተኞች ነው። እኔንም።

ብራያን ትርጉም ይጠብቃል። ውኃ ሆንኩ። ያን ቀን ያልተረጎምኩትን ሁሉ አሁን ተረጎምኩ፤ ስለ ሰዉም፣ ስለ ተጠያቂነቱም፣ ስለማይዘጋው በርም።

"ይህን ማነው ያላቸው?" አለ ብራያን።

"እኔ።"

"በማን ስም?"

"ባንተ።"

"ቤኔፊት ነው ያልከኝ እኮ!"

"እኔም እዚያ ነበርኩ" አለ ዋልተር ረጋ ብሎ። "አንድ ቃል አልገባኝም። ግን ስለ ቤኔፊት እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ስለ ቤኔፊት ሲወራ ሰው አያለቅስም።"

ከዚያ ጋሼ የመጡበትን ሐሳብ አወጡ። ወርክሾፓቸው ጣሪያው ያፈሳል፤ የኔ ፋብሪካ ግማሽ ወለሉ ባዶ ነው። የሚዘጋ ካለ የሳቸው ሕንፃ ይዘጋ፤ እሳቸው ከነልጆቻቸውና ከነቆርቆሮዎቻቸው ወደ እኔ ይምጡ። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ዲቪዥን፣ አንድም ሰው ሳይጎድል። "ማኔጀሩም እሱ ይሁን" አሉ ወደ እኔ ጠቁመው፤ "እኔ ደክሞኛል። ምላሱን ብቻ የሚጠብቅለት ሰው ስጡት።" ዓርብ "ሰማሁ" ብለው ዝም ያሉኝ፣ እኔም የተቀየምኳቸው ሰውዬ፣ ሙሉውን ቅዳሜ የኔን ወለል በእርምጃ ሲለኩ ነበር የዋሉት።

ብራያን አገጩን ይዞ ብዙ አሰበ። ሦስቱን ሽማግሌዎች አየ፤ ሶፋውን አየ። ከዚያ በቀስታ፣ አንድ በአንድ፣ "ተማክረን እናሳውቃችኋለን" አለ።

ቅስሜ ስብር አለ። አንገቴን ደፍቼ ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ወርቅነህ ግን ፊታቸው በራ። "ሰማሽ ጥሩነሽ? ተማክረን አለ!" እትዬ ጥሩነሽ እልልታቸውን በእጃቸው አፈኑት። ጋሼ የብራያንን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁና ወጡ። ብራያን ጠቀሰኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሐሙስ ተመልሰው መጡ። ብራያን ከስብሰባ ክፍሉ ሦስት ደህና ወንበር ራሱ ተሸክሞ አውርዶ፣ ደርድሮ ጠበቃቸው። እነሱም እንደሥርዓቱ አጠገቡ ቆሙ። ሜሮን ሳታስተምረው አልቀረችም፣ በተሰባበረ አማርኛ "ቁጭ በሉ" አላቸው። ተቀመጡ። ዛሬ ቆርቆሮዎቹ ከመደርደሪያችን ላይ ናቸው፤ ከሠራተኞቼ አንድም ሰው አልጎደለም። ስክሪን ላይ ያለው ቀለማችን አንድ ጊዜ አረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ ቢጫ ነው፤ እሱን ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ። ለጋሼ ወርቅነህና ለእትዬ ጥሩነሽ፣ ለዋልተርም፣ ሁለተኛ ጊዜ ማሰብን ለሚያውቀው ለብራያንም ምስጋናዬ አያልቅም።

ያን ሐሙስ ሁሉም ተቀምጠው እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ። ዋልተር ቀና ብሎ "አንተስ ለምን አትቀመጥም?" አለኝ።

"በኛ አገር የተለመነለት ሰው አይቀመጥም" አልኩት።

እንዲህ ያለ ልማድ የለንም፤ ያኔ የፈጠርኩት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ብቀመጥ አለቅስ ነበር። ዋልተር ግን አመነኝ። ጉልበቶቹን እያንቋቋ ብድግ አለና አጠገቤ ቆመ።